በወይኑ በኩል ያለው መስኮት

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት ነው። የፈለገ ይመን፣ የፈለገ ይተው።

ዘመኑ 1971 ዓ.ም.፣ ቦታው ገነተ ማርያም አጠገብ። ሰዓቱ ቀትር... ልክ ስድስት ሰዓት።

ግንበኛ ነኝ። በላስታ ሰው ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ያጠብባል። እኔ ግን በመስኮት ቀልድ አላውቅም። ድንጋይ ከመደርደሬ በፊት ባለቤቱን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኑ የሚያርፍበትን አያለሁ። መስኮቱ እዚያ ይሆናል።

ቤት የሚያሠሩኝ የጋሽ ደባሱ ዓይን ከቤቱ በታች ባለው ወይን ላይ አረፈ።

ወይኑን የተከለው አንድ ልጃቸው ምስጋኑ ነው። ዘቢቡ ለቅዳሴ ይሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት ታጣቂዎች ከወይኑ መሃል ወሰዱት። መገደሉ ተሰማ። ሬሳው አልተሰጠም፤ ማልቀስም ተከለከለ።

"ካላለቀስኩለት አልሞተም" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሰፊ አድርግልኝ። ሲመጣ ልየው።"

አንጀቴን በሉት። ግድግዳውን እንደ እርከኑ አጎበጥኩት። አምስቱም የወይን እርከኖች በርጩማው ላይ ቁጭ ላለ ሰው ይታዩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼበት ነበር።

ቤቱ ሲያልቅ በሩን ልገጥም ሄድኩ።

"ከፋለ... ና እስኪ እይ" አሉኝ ጋሽ ደባሱ በመስኮቱ እያዩ።

አየሁ። ታችኛው እርከን ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወይን ይገርዛል።

ነፋስ ነበር። ቅጠሉ ሁሉ ይወዛወዛል።

የሰውየው ሸሚዝ ግን አይንቀሳቀስም...

ወደ ውጭ ሮጥኩ። ማንም የለም። ተመልሼ በመስኮቱ አየሁ።

አለ።

"የወሰዱት በዚህ ሸሚዝ ነው" አሉ ጋሽ ደባሱ። ፊታቸው በርቷል።

በማግስቱ ቀትር ሁለተኛው እርከን ላይ ነበር። ቀጥሎ ሦስተኛው ላይ። ሁልጊዜ ጀርባውን እንደሰጠ... ሲራመድ ግን አንድም ቀን አላየነውም።

"መስኮቱን ልድፈነው፣ ጋሼ። ይኼ የቀትር ጋኔን ነገር ነው።"

"ተው! ዞሮ ይየኝ። ከዚያ ድፈነው።"

ለማን ልናገር? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሰማ እሳቸውንም ይወስዷቸዋል። ለቄሱም አልተነፈስኩም። ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን አራተኛው እርከን ላይ ሆነ። የቀረው ቤቱ ሥር ያለው አንድ ነው።

በአምስተኛው ቀን በጠዋት ጭቃ አቡክቼ፣ ወይኑን ከኋላዬ አድርጌ፣ መስኮቱን ከውጭ መድፈን ጀመርኩ። ጋሽ ደባሱ ጋቢያቸውን ለብሰው ውስጥ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። አልከለከሉኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያያሉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጭንቅላት የማታሳልፍ ቀዳዳ ቀርታ ነበር።

"ዞረ..." አሉ በቀስታ።

ድንጋዩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። መዞር አቃተኝ።

"ልጄ..." አሉ። ከዚያ በርጩማው ሲወድቅ ሰማሁ።

በቀዳዳዋ አየሁ። የሉም።

ዞርኩ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ወደ በሩ ሮጥኩ። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰብሬ ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነው...

በርጩማውን አንስቼ ተቀመጥኩበት። ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ለእሳቸው ዓይን የለካሁት መስኮት ለእኔም ልክ ሆነ።

በቀረችው ቀዳዳ ታችኛው እርከን ይታያል። ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ወይን ይገርዛሉ።

አንደኛው ጋቢ ለብሷል። ነፋሱ ይነፍሳል... ጋቢው አይንቀሳቀስም።