አቧራ ያልነካው ጓጉንቸር

ፈሪ አለቃ ስንት ሰው እንደሚገድል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። «ምስኪን፣ ጭንቀታም ነው» እያላችሁ ታልፉታላችሁ።

ሰበታ በሚገኝ የከብት መኖ ፋብሪካ፣ መካኒኩ ደገፋ በመኖ ማደባለቂያው ማሽን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሊጠግነው ገብቶ ሳለ ማሽኑ ዞሮበታል። ነገር ግን መካኒክ ከመግባቱ በፊት ማብሪያውን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ የደገፋም ጓጉንቸር እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ በሟቹ ኪስ ተገኝቷል።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥፋት ነው! ኡዘይር መስመር አሳስቶ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ኪዳነወልድ፣ የኮቱን ኪስ እየዳበሰ። ኡዘይር በካቴና ታስሯል።

ከቡራዩ የተላከችው ኢንስፔክተር ጂቱ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ግድግዳ አየች። ስም በተጻፈባቸው ሚስማሮች ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«መጠባበቂያ። የግቢው ጓጉንቸር ሁሉ ትርፍ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጣል። አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ሌላ ሰው እዚህ ይገባል?»

«ማንም! ጸሐፊዬንም አላምናት።» እንደገና ኪሱን ዳበሰ።

«ደገፋ» የሚለው ሚስማር ባዶ ነበር። ጂቱ አይታ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄደች።

የፈረቃ ኃላፊዋ የሺወርቅ እንባዋን ጠርጋ ተናገረች። «የፋብሪካው ባለቤት እንግዳ ይዘው እየመጡ ነው ተባለ። አቶ ኪዳነወልድ አምስት ጊዜ ደወሉልኝ፤ አቁሚ፣ አስነሺ፣ ተይው፣ የት ደረሰ... ደገፋ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል ብላቸው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

«ስትደርሺ ማን ነበር?»

«ማንም። ከግቢው ማዶ ሮጬ እስክደርስ ደቂቃዎች አልፈዋል፤ ማሽኑም ቆሞ ነበር። ፖሊስ እስኪመጣ ከዚያ አልተነቃነቅኩም፤ አንድም ሰው ምንም አልነካም።»

ጂቱ ጣቷን በማብሪያው ሳጥን ላይ አሳለፈች። ጣቷ በፉርሽካ ብናኝ ተለወሰ። ጓጉንቸሩ ግን ያብረቀርቃል።

አሥር ሰዓት ላይ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበች።

«እህቴ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ ኡዘይር። «መስመሩን ፈትሺልኝ ብቻ።»

«ፈትሼዋለሁ ወንድሜ፤ ደህና ነው። ጓጉንቸሩ ካለ ማብሪያው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ማሽኑ ሲዞር ጓጉንቸሩ አልነበረም። የማሽኑ ክዳን ክፍት ስለነበረ፣ ሲዞር ብናኙ ሁሉን ነገር አለበሰ፤ ጓጉንቸሩን ብቻ ሳይነካ ቀረ። ለምን? ብናኙ ካረፈ በኋላ ተመልሶ ስለተሰቀለ ነው። የደገፋ ቁልፍ ከደገፋ ጋር ማሽኑ ውስጥ ነበር። ትርፉ ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር ማንም በማይገባበት ቢሮ።» ወደ ኪዳነወልድ ዞረች። «ከመጣሁ ጀምሮ ያን ኪስ ስምንት ጊዜ ዳብሰዋል። ያውጡት።»

ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ጨንቆኝ ነበር!» አለ እየተንተባተበ። «ባለቤቱ ማሽኑን ቆሞ ቢያገኘው ያባርረኛል። ደገፋ የወጣ መስሎኝ...»

«ጭንቀትዎን ለሐኪም ይንገሩ። እዚህ የቆመው ሁሉ ሲጨነቅ ነው የሚውለው፤ እርስዎን ሲፈራ። ጓጉንቸሩን መልሶ ሰቅሎ፣ የሦስት ልጆች አባት በካቴና ሲታሰር የሚያይ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።» ወደ ፖሊሱ ዞራ «ካቴናውን ፍታለት» አለችው።

ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አሁን የደገፋ ባልደረቦች እየሰሙ ይመልሱ፦ ማብሪያውን ከመንካትዎ በፊት፣ አንዴ እንኳ ስሙን ተጣርተዋል?»