የእርግዝና ተራ

የልብ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሲስተር ጊል ዮንጃ፣ የታጠበ አንሶላ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንሶላው ክምር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ግራ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቷል። ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለው የግሉኮስ ከረጢት ከግማሽ በላይ ወርዷል። ለግማሽ ሰዓት አረፍ ብለው ሊነሱ ነበርና ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

ኢንስፔክተር ናም ማልሱን በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። አሳንሰሩ በአልጋ ተይዞባት ደረጃውን በእግሯ ነበር የወጣችው። ጉልበቷ ዘወትር የሚያማት፣ ምላሷ ግን አንድም ቀን ታሞ የማያውቅ ሴት ናት።

«ነርስ ግሉኮስ ተተክሎላት ነው እንዴ የምትሠራው?» አለች።

ዶክተር ታክ የተባለው ወጣት ሐኪም ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት በርበሬ መስሏል። «እዚህ ሁሉም እንደዚያው ነው። አንዷ ቀረች ማለት ሥራዋ ጓደኛዋ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሲያማቸው እዚህ ይገቡና ትንሽ ተንጠባጥቦላቸው ይወጣሉ። ሲስተር ጊል ትኩሳት ነበረባቸው። የደም ግፊትም አለባቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ይመስለኛል።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ናም ግን የምትመለከተው ሬሳውን ሳይሆን ከረጢቱን ነበር።

«ከረጢቱ ውስጥ መድኃኒት ስትጨምሩ ምን ታደርጋላችሁ?»

«የጨመርነውን ጽፈን እንለጥፍበታለን። ሳትለጥፍ የምትጨምር ነርስ የለችም፤ በሕልሟም አታደርገው።»

«የተለጠፈ ነገር አላይም። መጨመሪያው ጎማ ላይ ግን መርፌ የገባበት ቀዳዳ አለ። ይታይዎታል?»

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ከረጢቱ ወዲያው ለምርመራ ተላከ።

ናም በመጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘችውን ሲስተር ጓክ ጆንጊምን ነበር። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ረጋ ያለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት ናት።

«አንሶላ ላወጣ ስገባ ነው ያየኋቸው» አለች።

«ጠብ ነበራችሁ?»

«እኔና እሳቸው? ምን ሊያጣላን? ዘንድሮ እኮ ተራዬ ነው።»

«የምን ተራ?»

«የማርገዝ።»

ናም የምትቀልድባት መስሏት ቀና አለች። ጆንጊም ግን አልሳቀችም።

«ስድስት ነርስ ነው ያለነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከወለደ ክፍሉ ይዘጋል። ስለዚህ በተራ ነው። ተራሽ ሳይደርስ ካረገዝሽ በሌሎቹ ላይ ፈረድሽባቸው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ። ሐኪሜ ከዘንድሮ ካለፈ ተስፋ የለሽም ብሎኛል። ይኸው ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ደጇ የቆመ ሴት ሰው ልትገድል ትነሳለች?»

«አይ፣ አትነሳም» አለች ናም።

ቀጥላ የገባችው ሄዎን ናት። ከክፍሉ ነርሶች ሁሉ ትንሿ እሷ ስትሆን ፊቷ አመድ መስሏል።

«መርፌውን የሰካሁላቸው እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ከረጢቱ ቀድሞ ተንጠልጥሎ ነበር። ያንጠለጠሉት ራሳቸው ናቸው።»

«ለማን?»

ልጅቷ ምራቋን ዋጠች። «ለራሳቸው ነዋ! ለማን ይሆናል?»

መልሱ ዘግይቶ መምጣቱ ናምን ከነከናት። ዶክተር ታክ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ በዋዜማው ሲስተር ጊል ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሄዎን ላይ ሲጮኹ ሰምቷል። «‹ተራሽ አይደለም! ምን ልታደርጊኝ ነው?› ይሏታል። እሷ ታለቅሳለች። ሌላ አልሰማሁም» አለ።

በመጨረሻ ናም ሕሙማን የሚያጥቡትንና አልጋ የሚገፉትን እማማ ቦንግን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። እማማ ቦንግ የገብስ ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚጠጡት። ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሰው ይጠራቸዋል።

«እማማ፣ ጆንጊም የአንሶላውን ክፍል ስትከፍት የት ነበሩ?»

«እዚችው! ‹ሄዎን!› ብላ ስትጮኽ ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። የዛሬን ቀን ተይው የኔ እመቤት፤ ከጠዋቱ ጀምሮ የዞረበት ቀን ነው።»

«እንዴት ዞረ?»

«ሦስተኛው አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌ ራሳቸውን ችለው አይቀመጡም። ራጅ ሲነሱ ሰው ይይዛቸዋል። መቼም ልጅ የምትፈልግ ሴት ከራጅ ትሸሻለች አይደል? ጆንጊም ዓመት ሙሉ ወደ አልጋው የሚገፋውን ማሽን የጎማ ድምፅ ስትሰማ ውልቅ ትላለች። ‹እመቤቲቱ ሄደች› እያልን እንስቅባታለን፤ እሷም ትስቃለች። ሄዎን ናት የምትይዝላት። ዛሬ ጠዋት ግን ሄዎን ሽንት ቤት ብላ ጠፋች፤ ጆንጊም ቆማ ያዘች። ያውም የጨረር መከለያውን ሽርጥ ሳትለብስ! ‹ምነው ልጄ?› ስላት ‹ምን አለበት› አለችኝ።»

ናም ኩባያውን ከእማማ ቦንግ እጅ ተቀብላ ሻዩን ጨለጠችው። እማማ ቦንግ በመገረም አዩዋት።

በማግስቱ ውጤቱ መጣ። አለቃዋ ስልክ ላይ ደስታው አይቻልም። «ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው! የወለደች ሴት ደሟ እንዲቆም የምትወጋው። የደም ግፊት ላለበት ሰው ግን መርዝ ነው፤ ነርስ ሁሉ ያውቀዋል። የሰካችው ልጅቷ፣ የተጣላችው ልጅቷ። ምን ትጠብቂያለሽ? እስከ ማታ ለዐቃቤ ሕግ እልካታለሁ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለችው ናም። «እስከ ማታ ከሆነ፣ እስከ ማታ የኔ ናት።»

ሄዎንን ደረጃው ላይ አገኘቻት። አንድ ጥቅል ሩዝ በባሕር አረም ተጠቅልሎ እጇ ላይ አለ፤ አልበላችውም። ናም ጉልበቷን እያሸች አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት።

 የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ሦስት ሊሆነኝ ነው።»

«ግሉኮሱ ላንቺ ነበር የተንጠለጠለው።»

«ምግብ አልቀመጥልኝ ብሎ እየወደቅሁ ነበር። ሲስተር ጊል ሲያውቁ መጀመሪያ ጮኹብኝ፤ ከዚያ አብረውኝ አለቀሱ። እሳቸውም ተራ ሲጠብቁ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው፤ ልጅ የላቸውም። ‹ለማንም አትንገሪ፣ እኔ መላ እፈልጋለሁ› አሉኝ። ‹ነገ ቀትር ላይ አንጠለጥልልሻለሁ፣ ጋደም ትያለሽ› አሉ። ቀትር ሲደርስ ግን እሳቸው በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር። ‹እርስዎ ይውሰዱት› ብዬ በግድ አስቀመጥኳቸው። በግድ! በገዛ እጄ…»

«ይህን ሁሉ ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?»

«ብናገር ተራ ሰብራ አረገዘች ይሉኛል።»

«ሰው ገደለች ከሚሉሽ አይሻልም?»

ሄዎን ዓይኗን ጠርጋ አየቻት። «እርስዎ እዚህ ክፍል ሠርተው አያውቁም» አለች።

ይህን የምትለው ደግሞ ነገሩ እስከ ማታ ካልተፈታ በእስር ቤት የምትወልድ ልጅ ናት።  ናም ተነስታ በዚያን ቀን ተረኛ የነበሩት ሁሉ ማረፊያ ክፍል እንዲሰበሰቡ አዘዘች፤ ሌሎቹ ሦስት ነርሶች ያን ቀን ከሥራ ውጭ ነበሩ።

ዶክተር ታክ በሩ አጠገብ ቆመ። ጆንጊም፣ ሄዎንና እማማ ቦንግ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከላይ ፎቅ የሆስፒታሉ የነርሶች ዳይሬክተር መጣች፤ ሰዓቷን ደጋግማ የምታይ፣ ጸጉሯ በወግ የተሠራ ሴት ናት።

«ብዙ አላስቆማችሁም» አለች ናም። «ሲስተር ጊልን የሚጠላ ሰው አለ? ዶክተር፣ እርስዎን በሰው ፊት አዋርደውዎታል ይባላል።»

«ሦስት ጊዜ» አለ ዶክተር ታክ። «ሦስቱንም ጊዜ ትክክል ነበሩ።»

«ደግ። እንግዲህ አስቡት። እዚህ ክፍል ውስጥ ልብ የሚያቆም መድኃኒት በየመሳቢያው ሞልቷል። ሲስተር ጊልን መግደል የፈለገ ሰው እጁን ዘርግቶ ያገኛል። ታዲያ ምን ቆርጦት ነው ሁለት ፎቅ ወርዶ፣ ማዋለጃ ክፍል ገብቶ፣ የአራስ መድኃኒት የሚያመጣው? ያ መድኃኒት ሲስተር ጊልን የገደለው የደም ግፊት ስላለባቸው ብቻ ነው። ጤነኛ ወጣት ሴት ላይ የሚያደርገው ሌላ ነው። እርጉዝ ከሆነች ያስወርዳታል።»

 ሄዎን ራሷን አቀረቀረች።

«ግሉኮሱ ለሄዎን ነበር። ሦስት ወሯ ነው» አለች ናም። ይህን ስትናገር ዳይሬክተሯ ሰዓቷን ማየት አቆመች። «ሄዎን ራሷ ልጇን ማስወረድ ብትፈልግ ከረጢቱን ለሌላ ሰው አትሰጥም። እማማ ቦንግና ዶክተሩ እርጉዝ መሆኗን አያውቁም፤ ቢያውቁም የእርግዝና ተራ የላቸውም። ሲስተር ጆንጊም፣ ያን ጠዋት ሽማግሌውን ለራጅ የያዝሽው ለምንድን ነው?»

«ሰው ስላልነበረ» አለች ጆንጊም።

«ዓመት ሙሉ ግን ሰው ኖረም አልኖረም ሸሽተሻል። ተስፋ ያላት ሴት ከዚያ ማሽን ትሸሻለች። አንቺ ያን ጠዋት ሽርጥ እንኳ ሳትለብሺ ቆምሽ፤ የምትጠብቂው ነገር ስላልነበረሽ ነው። ለኔ ግን ‹ዘንድሮ ተራዬ ነው፣ ደስታዬ ደጄ ቆሟል› አልሽኝ። ዋሸሽኝ። ተራሽ ተወስዶብሽ ነበር። ተራ የሚሰጡትና የሚነሱት ደግሞ ሲስተር ጊል ብቻ ናቸው። ከአንቺ የሚነጥቁበት ምክንያትም አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድማሽ አርግዛለች።»

«ግምት ነው» አለች ጆንጊም። ድምጿ ግን ቀጥኗል።

«ልክ ነሽ። ለዚህ ነው አንድ ነገር የምጠይቅሽ። በሩን ከፍተሽ አለቃሽ ተዝለፍልፈው ስታዪያቸው ምን ብለሽ ጮኽሽ?»

ጆንጊም ወደ እማማ ቦንግ ዞረች።

«‹ሄዎን!› ነው ያልሽው። እማማ ቦንግ ሰምተዋል። ሰው ሲሞት ሐኪም ይጠራል እንጂ የክፍሉ ትንሽ ነርስ አትጠራም። አንቺ ግን እርዳታ አልጠራሽም። ከመግባትሽ በፊት እዚያ የተቀመጠችው ሄዎን እንደሆነች ነበር የምታውቂው። አንሶላ ልታወጪም አልገባሽም፤ ልታዪ ነው የገባሽው።»

ኮሪደሩ ላይ ስልክ ጮኸ። ሄዎን ከልማድ ልትነሳ ስትል እማማ ቦንግ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት።

ጆንጊም እጇን ከጭኗ ላይ አነሳች። «ማታ ጠርተው ነገሩኝ» አለች ዝግ ብላ። «‹ሁለት ዓመት ታገሺኝ፣ ልጅቷ ቀድማሻለች› አሉኝ። ሁለት ዓመት! ሐኪሜ ያለውን እያወቁ። ‹አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ትረጃለሽ› አሉኝ። ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ‹ነገ ቀትር ላይ ግሉኮስ ስለምሰጣት ሥራዋን ሸፍኚላት› ብለው ለመኑኝ። እኔን! እሺ አልኳቸው። እዚህ ቤት ከእሺ ሌላ ምን ትያለሽ?»

«ከዚያስ?»

«ማንም እንዲሞት አልፈለግሁም። ወጣት ናት፤ ጤነኛ ናት፤ ነገ ሌላ ታረግዛለች ብዬ ነው። እኔ ግን ነገ የለኝም። ተራዬ እንዲመለስልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት።» ወደ ሄዎን ዞረች። «ጊልን እወዳቸው ነበር። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለች ሄዎን፤ ሁለቱም አለቀሱ። ናም በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ ይዛለች፤ ከተበዳይዋ ጋር አብራ የምታለቅስ ገዳይ ግን አላየችም።  ቢሆንም እጇን አሰረቻትና ከታች ለሚጠብቁት ፖሊሶች አስረከበቻት።

ስትመለስ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ዳይሬክተሯ ሄዎንን ታነጋግራት ነበር። አትቆጣም፤ ይልቅ እንደ እናት ትከሻዋን ይዛታለች።

«ነፃ በመውጣትሽ ደስ ብሎኛል። አሁን ግን ክፍሉ ሁለት ሰው ጎድሎታል፤ አዲስ ነርስ አይቀጠርም ተብሏል። ሌሎቹ ሦስቱ ጓደኞችሽም ሰምተዋል። ሲስተር ጊል ቢኖሩ መላ ይፈልጉ ነበር ይሆናል። እኔ ግን ለሁሉም እኩል መሆን አለብኝ። ከጆንጊም ቀጥሎ ተራው የማን ነበር?»

ሄዎን ሁለት ስም ጠራች። «ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ተራሽ እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ» አለች ዳይሬክተሯ።

«በሕግ የተከለከለ ነው!» አለች ናም በሩ ላይ ሆና። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ተራ ብሎ ነገር የለም። ክሰሺ፤ እኔ ምስክር እሆንሻለሁ።»

ዳይሬክተሯ በትሕትና ፈገግ አለች። «የሆስፒታሉ ደንብ አይደለም እኮ ኢንስፔክተር። እኛ የጻፍነው ነገር የለም። ነርሶቹ እርስ በርሳቸው የተስማሙት ነው።»

«እውነት ነው?» አለች ናም ወደ ሄዎን።

«ስገባ ተስማምቻለሁ» አለች ሄዎን። «ሁላችንም ተስማምተናል። ማንን ልክሰስ? እነዚያ ሁለቱም እንደ ጆንጊም ለዓመታት የጠበቁ ናቸው።»

«ታዲያ አሁን ሆድሽ ውስጥ ያለውስ?»

 እማማ ቦንግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ የሚያነሳው ጠፍቶ ጮኸ፣ ጮኸ። ሄዎን ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ በናም አጠገብ አልፋ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«የልብ ሕሙማን ክፍል፣ ሄዎን ነኝ» አለች። «አዎ፣ አለሁ። አልሄድም። ሕመምተኛውን ላኩት።»