«አለች» ጠብቆ ሲነበብ

ወደ ሳተርን ጨረቃ ወደ ታይታን ድምፅ አይላክም። መንገዱ ሩቅ፣ የሚያልፍበትም ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ፊደል ብቻ ነው የሚያሾልከው። ስለዚህ ሠርግም ሆነ ለቅሶ በዜማ ፊደል ይሄዳል፦ ከላይ የድምፁ መውጫና መውረጃ ይጻፋል፣ ከሥር ቃሉ። እዚያ ያለው ማሽን አንብቦ ያዜመዋል። የአዋሽ የህዋ ፖስታ ቤት ሥራው ይኸው ነው፤ የሚደነቅበትም የለም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ማሽን አያምኑም። ከመቀመጣቸው በፊት ከመሣሪያው ጀርባ ዞረው አዩ።

«ምን ጠፋብዎት፣ እማማ?» አለች የፖስታ ቤቱ ላኪ ኤፍራታ።

«እስካሁን ምንም። ቃል የሚሰርቅ እንዳለ ልይ ብዬ ነው።»

የመጡት መርዶ ሊልኩ ነው። ሴት ልጃቸው ስንዱ ታማ አርፋለች፤ ታይታን ላይ ማዕድን የሚቆፍረው ወንድሟ አስፋው አልሰማም። ኤፍራታ የሴትዮዋን ነጠላ አየችው። ጥለቱ እንደ ሰላም ቀን ወደ ታች ነው። ደነቃት።

ደብሪቱ ሙሾውን ራሳቸው አወረዱ፤ ማሽኑ እየሰማ ጻፈው። መሐል ላይ ዜማውን ቆረጡና የስንዱን የመጨረሻ ቃል እንዲያው በወሬ ተናገሩ፦ እህትህ አለች፣ አትምጣ፣ አትድከም።

ኤፍራታ ከመላኳ በፊት ማሽኑን አስነበበችው። ሙሾው ልክ ነው፤ አንጀት ይበላል። ወደ ወሬው ሲደርስ ግን ማሽኑ «አለች»ን አጠበቀው። እህትህ በሕይወት አለች፣ አትምጣ፣ አትድከም እንደ ማለት ሆነ።

ደብሪቱ ተነሡ። «ይኸው! ልጄ መርዶ ስልክለት የምሥራች ሊሰማ?»

«እማማ፣ ፊደሉ እኮ አንድ ነው። የሚዜመው ቃል ርዝመቱ ከላይ ስለሚጻፍ አይሳሳትም። ወሬው ግን ዜማ የለውም። ማሽኑ ጠብቆ ከሰማው ነጥብ ያደርግበታል፣ ላልቶ ከሰማው ይተወዋል።»

«ነጥቧን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እጅሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«አፍንጫዬን ነው ያከክሁት።»

«አፍንጫሽም አላማረኝ።»

ኤፍራታ የተቀዳውን ከፈተችው። የደብሪቱ የራሳቸው ድምፅ ነው፦ እህትህ አለች። ጠብቆ፣ ጥርት ብሎ።

«ቀጥላችሁበታል» አሉ ደብሪቱ።

«እንግዲያው እንደገና ይበሉት።»

አሉት። ነጥቧ መጣች። ደገሙት፤ አሁንም መጣች። ቀብር የቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ድንኳን ያስተከሉትም እሳቸው። ቃሏን ላላ አድርገው ሊሏት ሲሉ ግን አፋቸው እምቢ አላቸው።

«ነጥቧን እኔ ላጥፋት?» አለች ኤፍራታ ቀስ ብላ። «በአንድ ጣት ያልቃል።»

«ተዪ። የልጄን ሞት በጣት አታረጂልኝም።»

ማሽኑን አፍጥጠው አዩት፤ የደበቁትን ያወቀባቸውን ሰው እንደሚያዩት። ለራሳቸው እንኳ ያልነገሩትን ይህ ብረት ሰምቶባቸዋል።

ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እህትህ አለች» አሉ፤ ቃሉ ላልቶ ወደቀ። «አትምጣ፣ አትድከም።»

ነጥብ አልመጣችም።

«ልላከው፣ እማማ?»

ደብሪቱ ነጠላቸውን አወረዱና ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ደረቡት።

«ላኪው» አሉ። «አሁን ሞተች።»