ወንፊት ያለፈ አፈር

የተማሪው የዋለ አስከሬን በአሮጌው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ መካከል በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ጀርባውና ጭንቅላቱ ብቻ ከአፈር ወጥተዋል። የፖሊሱ መቶ አለቃ አለሙ ከአፋፉ ተንበርክኮ አየው። ከፈረሰው ቅጥር ውጭ የሟች ዘመዶች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ቃላቸው አጭር ነበር፤ «ሬሳው አፈር ሳይለብስ መንግሥት ገዳዩን ካላሳየን፣ ሰይፈዲንን ለእኛ ተዉልን።»

ሰይፈዲን የጨው ነጋዴው የየሱፍ ልጅ ነው። ማለዳ አካፋ ይዞ ሬሳውን ሲያወጣ ስለተገኘ፣ የፊጥኝ ታስሮ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆሟል።

«ግድግዳው ተደርምሶበት ነው» አለ መምህር ቀለመወርቅ፣ ከጉድጓዱ ማዶ ሆኖ። «ብቻህን አትግባ ብዬው ነበር። አልሰማኝም።»

አለሙ ወርዶ አፈር ዘግኖ በጣቶቹ መካከል አፈሰሰው። ጠጠር የለው፣ ሥር የለው፤ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ቀና ብሎ የጉድጓዱን ግድግዳ አየ፤ ጠጠርና የሸክላ ስባሪ እንደ ጥርስ አግጥጠውበታል። ከዚያ የልጁን እግሮች በእጁ ጠርጎ ገለጠ። አዲስ ቡት ጫማ፣ ማሰሪያው እስከ ላይ የተቋጠረ። በጸጉሩና በአንገትጌው የገብስ ገለባ ከደም ጋር ደርቋል፤ የራስ ቅሉም ከኋላ ተሰብሯል።

ከመስከረም ወዲህ የንፋስ መውጫ ከተማ ተማሪዎች ወሬ ሱዳን ነበር። የውጭ አገር ሊቃውንት በዚያው በኑቢያ በረሃ ለተማሪዎች የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ትምህርት ከፍተው፣ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ጠርተዋል። ጥሪውን ያመጣው ቀለመወርቅ ከዚሁ ፍርስራሽ አገኘሁት ያለው የብር መስቀል ነው። ዋለ ተመረጠ፤ ሰይፈዲን ተጠባባቂ ሆነ። ሁለቱም በዚሁ ፍርስራሽ መሬቱን በገመድ መከፋፈል፣ አፈሩን ንብርብር በንብርብር መግፈፍ፣ የወጣውን በወንፊት ነፍቶ ከዳር መከመር ሲለማመዱ ከረሙ። ዋለ ክትባቱን ተወግቶ፣ የጉዞ ጫማውንም እግሩ እንዲለምደው ቀን ከቀን ያደርገው ነበር።

አለሙ ወደ ጽድ ዛፉ ሄደ።

«ትጠላው ነበር?»

«አዎ» አለ ሰይፈዲን። «ቦታዬን ወሰደብኝ።»

«ይህን የሚሰሙህ ጠመንጃ ይዘዋል።»

«ብዋሽስ ይምሩኛል፣ ጌታዬ?»

«ሰሞኑን ምን ሲልህ ነበር?»

ልጁ አቀረቀረ። «መስቀሉ የወጣበትን ቦታ ዋለ እንደገና ጠርጎ አየው። ከሥሩ ያለው አፈር የተነፋ ነው አለኝ። ወንፊት ያለፈ አፈር እዚያ ድረስ ማን አወረደው? መምህሩን ልጠይቀው ሲለኝ፣ ጠይቀው አልሁት። ቢጣሉ ቦታው ለእኔ ይሆናል ብዬ።»

የደብሩ ቄስ መምሬ ደምሌ ሳይጠሩ መጡ። «እኔ አትቆፍሩ ብዬ በግዝት ከልክያለሁ። መቅደስ እንደ ድንች ማሳ ሲገለበጥ ዝም የሚል አምላክ የለም። ደግሞ ከእስላም ጋር!»

«ልጆቹ ይዳፈሩ ነበር?»

«ልጆቹስ ከደጃፉ ድንጋይ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት። ለዚያች እንኳ እናቶቻቸው ይመስገኑ።»

በመጨረሻ መምህሩን ጠየቀው። «ትናንት ማታ ከታች ወዳለው የገብስ አውድማ ወርደው ነበር?»

«ከገበሬ አውድማ ምን ጉዳይ አለኝ? ቤቴ ሳነብ ነበርሁ።»

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አለሙ ሁሉንም ወደ ፍርስራሹ ጠራቸው። የዋለ አጎት አቶ ተገኘ ጠመንጃውንና ጫማውን ደጃፉ ላይ ተወ። መምሬ ደምሌ አወለቁ። አለሙም ማሰሪያውን ፈትቶ አወለቀ። ሰይፈዲን እጁ እንደታሰረ አንዱን ተረከዝ በሌላው እየረገጠ ጫማውን ጣለ። ቀለመወርቅ ቀጥ ብሎ ገባ፤ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞም ሰዓቱን አየ።

«ግድግዳው አልተደረመሰም» ሲል አለሙ ጀመረ። «ቢደረመስ ኖሮ ጠጠሩ አብሮ ይወርድ ነበር። ልጁን የሸፈነው ከዚያ ክምር በአካፋ የተዛቀ፣ የተነፋ አፈር ነው። የሞተውም እዚህ አይደለም። ገለባው ከደሙ ጋር የደረቀው አውድማ ላይ ስለወደቀ ነው።»

«ይኸው እስላሙ!» አለ ተገኘ። «ገድሎ አምጥቶ ቀበረው።»

«ቀባሪ መልሶ አያወጣም፣ አቶ ተገኘ። ደግሞ እግሩን ተመልከቱ። ዋለ በሕይወቱ በጫማ ያልገባበት ቦታ ነው። ተሸክሞ ያስገባው ማን ነው? መምሬ ቢሆኑ ለሬሳ እንኳ ያወልቁለት ነበር። ሰይፈዲን እጁ ታስሮ እንዴት እንደገባ አሁን አይታችኋል። ይህ መሬት ለእነሱ ደጃፍ አለው። ለአንድ ሰው ብቻ ጉድጓድ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀለመወርቅ ጫማ ወረደ።

«ጫማ ነው ማስረጃዎ?» አለ መምህሩ፣ ከንፈሩን እያጣመመ።

«ወደ ላይ የታጠፈውን የሱሪዎን ጫፍ ይዘርጉት።»

አልዘረጋውም። አለሙ ጎንበስ ብሎ ራሱ ዘረጋው። ገለባ ረገፈ።

«በዚህ ከተማ ነፋስ ገለባ የማያደርስበት የት አለ?»

«ነፋስ ገለባን በደም አጣብቆ አያመጣም» አለ አለሙ፣ ተጣብቆ የጠቆረውን ገለባ በመዳፉ እያሳየ። «መስቀሉን በተነፋ አፈር ላይ ቀበሩት። ልጁ ደረሰበትና አውድማው ላይ ጠየቀዎ። እሱንም ገድለው በዚያው አፈር ሸፈኑት። ያስተማሩት ተማሪ የያዘብዎን ያንኑ ስሕተት ደገሙት።»

ቀለመወርቅ ወደ ተራራው ተመለከተ። «እዚህ ብርድ ውስጥ ተረስቼ እንዳልቀር ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ መስቀል ማንን ይጎዳል?»

ተገኘ ወደ ትከሻው እጁን ሰደደ፤ ጠመንጃው ደጃፍ ነው። በባዶ እግሩ እንደቆመ ቀረ። ፖሊሶቹ መምህሩን ይዘው ወጡ።

የሰይፈዲን እጅ ሲፈታ ጥሪውም፣ ሱዳንም፣ የዋለ ቦታም ከመምህሩ ጋር አብረው ሄደው ነበር። ልጁ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ከሬሳው እግር ሥር ተንበረከከ።

«እጅህን ከእሱ ላይ አንሣ» አለው ተገኘ።

ሰይፈዲን ቄሱን ቀና ብሎ አያቸው። «ጫማውን ላውልቅለት፣ አባ?»

መምሬ ደምሌ የልጁን ባዶ እግር አዩ። ፊታቸው አልተፈታም።

«አውልቅለት» አሉ።

ቋጠሮውን በደነዘዙ ጣቶቹ ፈታ። ቡት ጫማዎቹን ይዞ ወጣና፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ከራሱ ጫማ አጠገብ አኖራቸው።