ከዞብል ጥዶች መሐል የመጣው መልስ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ቆሜ የሰማሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ቦታው ከቆቦ በላይ፣ ዞብል ተራራ ላይ ያለው የጥድ ጫካ ነው። ሰዓቱ ቀትር።

ጨለማ የለም። ጅብ የለም። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት...

እኔና ጀዊሪያ ሥራችን ወፍ መቁጠር ነው። አትሳቁ፣ ደመወዝ አለው! አሮጌዎቹ ጥዶች ለማገዶና ለከሰል ሲያልቁ ግንደ ቆርቁር የሚባሉት ወፎች ጎጆ የሚፈለፍሉበት አጡ። እኛም በየዛፉ የጣውላ ጎጆ ሰቀልንላቸው። ግን የቀረው አንድ ወንድ ብቻ ነው። ሴት ካላገኘ ዘሩ እዚያው ያበቃል።

ጀዊሪያ የዋጃ ልጅ ናት። ሳቋ ከሩቅ ይሰማል፤ ዝም ማለት አይሆንላትም።

ከሌላ ጫካ የቀዳነውን የሴት ወፍ ድምፅ በስፒከር እናሰማለን። ሴት ካለች ትመልሳለች። ይሄ በማለዳ ነው የሚሠራው። በቀትር ወፍ ዝም ይላል። የአገሩ ሰው ደግሞ በቀትር እዚያ የማይገባበት የራሱ ምክንያት አለው፤ በቀትር ጫካ ውስጥ ለሚጣራ ድምፅ «አቤት» አይባልም።

የዚያን ቀን መኪናው ተበላሽቶብን ረፈደ።

«ነገ እንምጣ» አልኳት።

«አብሽር፣ አንዴ ብቻ» ብላ ስፒከሩን ከፈተችው።

ቂው... ቂው... ቂው...

የቅጂው መጨረሻ ላይ የጀዊሪያ ሹክሹክታ አለ። ስንቀዳ አምልጧት የገባ ነው። «በቃ፣ ዝጋው።»

ስፒከሩን አጠፋችው። ጠበቅን።

ከጥዶቹ መሐል መልስ መጣ።

ቂው... ቂው... ቂው...

«ሴት ናት! ወላሂ ሴት ናት!» እንባዋ መጣ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ያው ድምፅ ቀጠለ...

«በቃ፣ ዝጋው።»

በጀዊሪያ ድምፅ።

ስፒከሩን አየሁት። እንደጠፋ ነው።

«ጀዊሪያ፣ እንሂድ» አልኳት በሹክሹክታ።

አልተንቀሳቀሰችም። ዐይኗ ጫካው ላይ ቀርቷል።

«ጀዊሪያ፣ እንሂድ» አለ ጫካው። አሁን በእኔ ድምፅ።

አፏን ልይዛት እጄን ስዘረጋ ልማዷ ቀደመኝ።

«አቤት» አለች።

ጫካው እረጭ አለ። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወረድኩ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ደንግጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ ጀዊሪያ እስካሁን አልተናገረችም።

ሐኪሙ ጉሮሮዋ ደህና ነው ይላል። አባቷ ቁርአን አስቀራላት። ያቺ ሳቂታ ልጅ በራፍ ላይ ዝም ብላ ትውላለች።

ባለፈው ዓርብ ዋጃ ልጠይቃት ሄድኩ።

«ጀዊሪያ» አልኳት ቀስ ብዬ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ አልተላቀቀም።

«አቤት...»

የእሷ ድምፅ ነው። የመጣው ግን ከግቢው ውጪ ነው፣ ከዞብል ተራራ በኩል...

ጀዊሪያ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ማልቀስ ጀመረች።