የሰብስቤን እጅ የተከተለው መስመር

የሙዚቃ አቀናባሪው ሰብስቤ የሞተው በገዛ እጁ በሠራት የመቅረጫ ክፍል ውስጥ ነው። ቀራንዮ፣ እትዬ ወርቅዬ ግቢ ከተከራየው ስቱዲዮ ጥግ ያለችው ይህች ክፍል ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም። ግድግዳዋ በስፖንጅ ስለተደፈነ ውስጥ ቢጮኹ ውጭ አይሰማም። በሯ ከውጭ ተቀርቅሯል፤ የሟቹ መዳፍ አብጦ በልዟል። የአስም መድኃኒቱ ደግሞ ውጭ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጧል። እዚያ ሆኖ ምን ይፈይዳል!

ፖሊስ ወጣቱን ዘፋኝ አነስን ያዘ። ከሰብስቤ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ መጨረሻ የወጣውም እሱ ነው ብሎ ኪቦርድ ተጫዋቹ ብሩኬ መስክሮበታል። በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። እህቱ አልፊያ ከጣቢያው በር ንቅንቅ አልል አለች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን መጀመሪያ ያነጋገረችው አነስን ነው።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በሜትሮኖም፣ በማይለዋወጥ የማሽን ምት፣ እንቅረፅ ብዬው ነው። ጋሽ ሰብስቤ ደግሞ ማሽኑ ሰውን ይከተል ባይ ነው። ፕሮግራሙን እንደዚያ አድርጎ ነው ያስተካከለው። ከበሮ ሲመታ እጁ ከፈጠነ የዘፈኑ ፍጥነት፣ ቴምፖው፣ ይጨምራል፣ ከዘገየ ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ላይም በመስመር ይታያል። ወላሂ ኢንስፔክተር፣ እኔ ስወጣ ብሩኬ እዚያው ነበር!»

«ኮምፒውተሩን ትነካለህ?»

«እኔ? ትንሽ ሳይነካ ከቆየ ይቆለፋል፤ ይለፍ ቃሉንም አላውቀው።»

ብሩኬ ግን ዘና ብሎ ነው የመለሰላት።

«ከአነስ በፊት ወጣሁ። ጠዋት መጥቼ መቀርቀሪያውን ስከፍት፣ ያው እንዳያችሁት።»

«ይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

«ጠዋት ኮምፒውተሩን ነክተኸዋል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ይሄ የሰብስቤ ቴምፖ ነገርስ?»

«ተዪኝ እባክሽ፣ ራስ ምታት ነው! እኔ በጀመርኩበት ፍጥነት ነው የምጨርሰው። የእሱን የቴምፖ መስመር ገልጬም አላየው።»

ይለፍ ቃሉንም ሳያመነታ ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አነስ በካቴና ቆሟል፤ አልፊያ ክንዱን ይዛለች። በሩ ሲዘጋ እትዬ ወርቅዬ በነጠላቸው ጫፍ ራሳቸውን ማራገብ ጀመሩ።

«ይኸው የመጨረሻው ሥራው» አለች ጥሩብርሃን ኮምፒውተሩን ከፍታ።

«ባዶ ነው እኮ» አለ ብሩኬ።

«ድምፁ ተሰርዟል። ቴምፖው ግን አብሮ አልጠፋም።» በስክሪኑ አናት የተዘረጋውን መስመር በጣቷ ተከተለችው። «እዚህ ደልደል ብሏል፤ ከበሮውን እየመታ ነው። እዚህ ጋ በድንገት ሽቅብ ወጣ።» ሄዳ የመቅረጫዋን በር በመዳፏ ደበደበች፣ በጥድፊያ። «ይሄ ከበሮ አይደለም፣ በር ነው። ማይኩ ክፍት ነበር፤ ፕሮግራሙም እጁን ተከተለ። ከዚያ መስመሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል።» እጇ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

«ወይኔ ልጄን!» አሉ እትዬ ወርቅዬ።

«እንግዲህ ውስጥ የታፈነ ሰው ተነስቶ አይሰርዝም። የሰረዘው ይለፍ ቃሉን የሚያውቅ፣ ያንን መስመር ግን ገልጦ የማያይ ሰው ነው። የምናውቀው ሁለት ነን ብለኸኛል ብሩኬ። አንዱ እዚህ ውስጥ ተቀርቅሮበታል።»

ብሩኬ ወደ በሩ ዞረ። ፖሊሱ ቆሞበታል።

«ሙዚቃህ ነፍስ የለውም አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ላስጨንቀው ብዬ ነው የቀረቀርኩበት። ጦር ኃይሎች ደርሼ ልመለስ ነበር። መንገዱ ተዘጋጋ። ስመለስ ዝም ብሏል።»

የአነስ ካቴና ተፈታ። አልፊያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ከመሰረዝህ በፊት ሰምተኸዋል?» አለች ጥሩብርሃን።

ብሩኬ ወደ መቅረጫዋ በር ተመለከተ።

«ሰምቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ መደብደቡን ተወው። ‹ይመጣል፤ ብሩኬ አይጨክንብኝም› ይላል፣ ለራሱ።»