መኪናዋን «ቤቶች!» ያልኳት ቀን

ይህ ተረት አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ማመን የእናንተ ነው።

ጨለማም አልነበረም። የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ በገዛ ግቢዬ ነው።

ባለፈው ዓመት... ግንቦት ላይ።

እስከዳር የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከእሷ ሌላ የለኝም። አሁን የእንስሳት ሐኪም ሆናለች። ዝቋላ፣ ደሃና፣ ፃግብጂ... በዙሪያችን ባሉት ወረዳዎች ፍየል ታመመ በተባለበት ሁሉ ትሄዳለች። ሲመሽባት ካገኘችበት ታድራለች። እኔ ደግሞ ስልኬን ታቅፌ አድራለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ትንሽ፣ አሮጌ፣ ፎር ዊል የጭነት መኪና እየነዳች ገባች።

«እምዬ፣ ከእንግዲህ ሰው ቤት አላድርም» አለችኝ። «ኋላዋ ላይ ቤት አሠራለሁ። መኝታዬን ይዤ ነው የምዞረው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ሜዳ ላይ፣ ቆርቆሮ ውስጥ!

ትእዛዙ የሚባል በያጅ መጣ። ዕቃ መጫኛዋ ላይ ብረት አቁሞ ላሜራ አለበሰው። ውስጡን በችፑድ ሸፈነው። አንድ ሰው የሚያስተኛ አልጋ ሠራ፤ ለክትባት ማቀዝቀዣው ቦታ፣ ለውሃ ጄሪካኑ መደርደሪያ። ከላይ ሶላር። ከኋላ በር፤ ከፍ ስለሚል ሁለት ደረጃ የብረት መሰላል።

የበሩን ማጠፊያ ሲበይድ አላስችል አለኝ።

«ቄስ ገብረ አምላክ ይምጡና ጸበል ይርጩበት» አልኩ። እኛ ዘንድ አዲስ ቤት ጸበል ሳይረጭ አይታደርበትም።

«መኪና እኮ ናት እምዬ!» አለች እስከዳር።

«በር አላት። አልጋ አላት። ታዲያ ምኗ ነው መኪና?»

«ጎማዋ!» አለ ትእዛዙ።

ሁለቱም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምነው ባልሳቅሁ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ምሳ ይዤላት ወጣሁ። አንድ ድፍን የማሽላ ቂጣ ነው፣ በሳህን።

ከመኪናዋ ውስጥ መዶሻ ይሰማል። ቀስ ብሎ... ኳ... ኳ...

ላስቃት ብዬ፣ እንደ እንግዳ ደጅ ቆሜ ተጣራሁ።

«ቤቶች!»

መዶሻው ቆመ።

«ደጆች!» አለችኝ ከውስጥ።

የእስከዳር ድምፅ ነው። ትንሽ ቀጠን አለብኝ እንጂ የሷው ነው።

«ምሳሽን መሰላሉ ላይ ትቼልሻለሁ» ብዬ ተመለስኩ።

ገና ደጃፌ ሳልደርስ የግቢው በር ተከፈተ።

እስከዳርና ትእዛዙ ነበሩ። ችፑድ ተሸክመው፣ ከገበያ ሲመጡ።

ዞሬ መኪናዋን አየሁ።

«አንቺ... ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከጠዋት ጀምሮ የለንም እኮ። ነግሬሽ አልነበር?»

«መኪናዋ ውስጥ ማን አለ?»

ትእዛዙ ሳቀ። «እማማ አልጣሽ፣ የብየዳው ጩኸት ጆሮዎ ውስጥ ቀርቶ ነው።»

ሄዶ በሩን ከፈተው። ማንም የለም።

ሳህኑ ግን መሰላሉ ላይ አልነበረም። ውስጥ፣ አልጋው ላይ ነበር። ቂጣው አልተበላም። ብቻ... እኩል ለሁለት ተቆርሷል። አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው።

ትእዛዙ መሳቁን ተወ።

ያን ጊዜ የናቴ ቃል ትዝ አለኝ። እናቴ ባዶ ቤት ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንድንል አትፈቅድም ነበር። «ባለቤት ያልገባበትን ቤት ከጠራሽ፣ የመለሰልሽ ባለቤት ይሆናል» ትል ነበር። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁና የአሮጊት ወሬ አድርጌው ነበር።

መኪና ናት ሲሉኝ እምቢ ብዬ፣ ቤት ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። በቀትር። ጸበል ሳይነካት።

ረቡዕ ትእዛዙ መሣሪያውን ሊወስድ መጣ። እስከዳር እንዳትሰማው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እማማ አልጣሽ... የአልጋውን ወርድ ስልሳ ሳንቲም አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ለአንድ ሰው።»

«እሺ?»

«አሁን ስለካው ዘጠና ሆነ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ። ዓይኔን ግን አላየም። መዶሻውን ረስቶ ሄደ።

ቄስ ገብረ አምላክ ለተዝካር ደሃና ሄደዋል፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። እስከዳር ደግሞ ሐሙስ ማለዳ ዝቋላ ልትሄድ ተነስታለች።

«ሁለት ቀን ብትቆዪልኝ ምናለ?»

«ፍየሎቹ እየሞቱ ነው እምዬ። ቅዳሜን አይጠብቁም።»

ቁልፉን ደበቅሁባት።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«አላየሁትም።»

«መቀነትሽን በእጅሽ ይዘሽ አላየሁትም ትያለሽ?»

ተጨቃጨቅን። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በማለዳው ወጥታ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ነበረች። እኔው ነኝ ይዤ ይዤ ቀትር ያደረስኳት።

በመጨረሻ «ዕቃዬን እንኳ ልጫን!» ብላ መሰላሉን ወጣች። መኪናዋ ከክብደቷ ትንሽ ዝቅ አለች፤ ከሥሯ የሚሸከማት ባሌስትራ ሲጥ አለ። በሩን ከውስጥ ሳበችው።

ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ዶሮዎቹ ዝም ብለዋል። ንፋስ የለም።

ከዚያ ሰማሁት።

«ቤቶች!»

የኔ ድምፅ ነው።

አፌ ግን ተዘግቷል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አረጋገጥኩ።

«ደጆች!» አለች እስከዳር ከውስጥ። ኩርፊያዋ የለቀቃት ድምፅ ነው። «ግቢ እምዬ።»

«አትመልሺ!» ብዬ ልጮህ ነበር። የወጣኝ ሹክሹክታ ነው።

መሰላሉ ጋ ማንም የለም። በሩ ግን ተከፍቶ ተዘጋ። መኪናዋም እንደገና ዝቅ አለች። ሲጥ...

አንድ እርምጃ።

ሁለት እርምጃ።

ከዚያ ሰው ሲቀመጥ እንደሚሆነው... እርፍ አለች።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጉልበቴ የሚያመኝ ሴት ነኝ። በሩን በርግጄ ከፈትኩት።

እስከዳር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቦታ ለቃ። ከአጠገቧ ፍራሹ ጎድጉዷል። ማንም የለበትም፤ ግን ጎድጉዷል። የሰው እጅ እንደያዘች፣ ጣቶቿ አየር ላይ ታጥፈዋል።

ቀና ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም።

ወደ ባዶው ቦታ ዞረች።

«እምዬ...» አለች በሹክሹክታ። «ማናት ይቺ ሴትዮ?»

በስመ አብ ብዬ ክንዷን ጎተትኩ። አልመጣችም። በወዲያ በኩል የያዛት ያለ ያህል ከበደችኝ።

«ልጄን ልቀቂ! ልጄን!»

ድንገት ተለቀቀች። ሁለታችንም መሬት ወደቅን።

«እምዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ አቧራዋን እያራገፈች። አሁን የኔዋ እስከዳር ናት። «አጠገቤ ተቀምጠሽ ታርቀን አልነበር እንዴ?»

«ምን አልኩሽ?»

ትንሽ አሰበች።

«‹ከእንግዲህ ብቻሽን አታድሪም› አልሽኝ።»

ቅዳሜ ቄስ ገብረ አምላክ መጥተው ጸለዩ፤ ጸበል ረጩ። ትእዛዙ ላሜራውን ቆራርጦ አወረደው። ዛሬ መኪናዋ ፍየል ትጭናለች፤ ሌላ ነገር የላትም። እስከዳርም የትም ሄዳ ሳይመሽ ትመለሳለች። ደህና ናት። የጠየቅሁት ሁሉ ደህና ናት ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ አረፍ አልን። እኔ በቀኟ ነኝ። ወደ እኔ ተጠጋች። በግራዋ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ለቀቀች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ምኑ?» አለችኝ።

ቀና ስል ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

«ተነሽ። እንሂድ።»

እስከዳር ተነሳች።

ነጠላዋ ግን አብሯት አልተነሳም። ጫፉ በግራ በኩል፣ ባዶው ድንጋይ ላይ... ሰው እንደተቀመጠበት... ተወጥሮ ቀረ።